ምዕራፍ ስድስት፦ ገረጋንቲው ከመምጣቱ በፊት

ከአዘዞ ተነስቶ በአይከል በኩል ወደ ቆላው የሚወርደው አስፋልት መተማ ዮሐንስ ላይ ያበቃል። ከዚያ ወዲያ ገላባት ነው፤ ሱዳን። የምዕራብ ጎንደር ከተሞች ኑሮ የተደረደረው በዚህ አስፋልት ግራና ቀኝ ነው። የዞኑ መቀመጫ ገንዳ ውሃም፣ ከሱ ወዲያ ያሉት ትናንሽ ከተሞችም መናኸሪያቸው፣ ጎሚስታቸው፣ ምግብ ቤታቸው፣ የሰሊጥ መጋዘናቸው ፊቱን ወደ አስፋልቱ አዙሮ ይቆማል። ስለዚህ የብስክሌት መንገድ ጉዳይ በተነሳ ቁጥር የሁሉም ዓይን ወደ አስፋልቱ ይሄዳል። ዳሩን ቀለም እንቀባው፣ ለብስክሌት መስመር እንለይለት ይባላል። እኔ ግን ሥራው ከአስፋልቱ ጀርባ፣ ከውስጥ ለውስጥ መንገዱ መጀመር አለበት ብዬ አምናለሁ። ይህ ምዕራፍ ለምንና እንዴት የሚለውን ያስረዳል።

ከአስፋልቱ አንድ መቶ ሜትር ገባ ሲሉ መንገዱ ሌላ ነው። የቆላው ጥቁር ዋልካ በበጋ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ እየከፈተ ይደርቃል፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ደግሞ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል። በክረምት ብስክሌት ይዞ የወጣ ሰው ሃያ ሜትር ሳይሄድ ጭቃው በጎማውና በሹካው መካከል ይጠቀጠቅና ጎማው መዞሩን ያቆማል። ከዚያ በኋላ ብስክሌቱን ተሸክሞ መሄድ ነው። መኪናም በዚህ መንገድ አይሮጥም። እዚህ ሰፈር ውስጥ ልጆች መሐል መንገድ ላይ ኳስ የሚጫወቱት፣ ሴቶች መንገድ ዳር ቡና የሚያፈሉት አሽከርካሪው ጨዋ ስለሆነ ሳይሆን መንገዱ ስለማያስሮጠው ነው።

አንድ ቀን ግን ማዘጋጃ ቤቱ በጀት ያገኛል። ገረጋንቲ የጫነ ገልባጭ ይመጣል፣ ግሬደር ይደለድላል፣ ሮለር ይጠቀጥቃል። ሰፈርተኛው ደስ ይለዋል፤ ደስ ሊለውም ይገባል፤ ነፍሰ ጡር በቃሬዛ ከማውጣት ይገላገላልና። ነገር ግን በዚያው ሳምንት ውስጥ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ይንፏቀቅ የነበረው ባጃጅ 40 ይገባል፣ መናኸሪያው ሲጨናነቅበት አቋራጭ የሚፈልገው ሚኒባስ በ50 እና በ60 ያልፋል። ጭቃው ሲሄድ ዝግታውም አብሮ ይሄዳል። ጭቃውን አስወግዶ ዝግታውን ማቆየት ይቻላል። ይህን ለማድረግ የሚያመቸው ጊዜ ደግሞ ገረጋንቲው ከመምጣቱ በፊት፣ ቀያሹ ገና ችካል ሲተክል ነው።

ፍጥነት ምን እንደሚያደርግ በቁጥር ማየት ያስፈልጋል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 8 ሜትር ያልፋል፤ በ50 የሚሄድ ወደ 14 ሜትር። አሽከርካሪው አደጋውን አይቶ እግሩ ፍሬን ላይ እስኪያርፍ ቢያንስ አንድ ሰከንድ ይፈጅበታል። ደረቅ አስፋልትና ደህና ፍሬን ይዘን ብናሰላው በ30 የሚመጣው መኪና 13 ሜትር ተኩል ያህል ሄዶ ይቆማል። በ50 የሚመጣው ግን እዚያች ነጥብ ላይ ሲደርስ ገና ፍሬኑን መርገጥ መጀመሩ ነው። ፍጥነቱ አልቀነሰም። እስኪቆም ድረስ 28 ሜትር ይፈልጋል። አሁን መንገድ ዳር ሰሊጥ ጭኖ የቆመ አይሱዙ እናስብ። ከአይሱዙው ኋላ አንድ ልጅ በብስክሌት ብቅ ይላል፤ በሱና በሚመጣው መኪና መካከል ያለው ርቀት 14 ሜትር ነው። በ30 የሚመጣው ደርሶ ሳይነካው ይቆማል። በ50 የሚመጣው በ50 ይመታዋል። በልቅ ጠጠር ላይ ደግሞ ጎማው ስለሚንሸራተት በ50 የሚመጣ መኪና ለመቆም ወደ 40 ሜትር ሊፈጅበት ይችላል። ያ ልጅ የት ይሸሻል?

የዓለም ጤና ድርጅት አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ በጨመረ ቁጥር የሞት አደጋ በ4 በመቶ ገደማ ይጨምራል ይላል። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2016 በኢትዮጵያ መንገዶች ላይ የሞተውን ሰው ከ27 ሺህ በላይ ብሎ ገምቶታል፤ በፖሊስ መዝገብ የሰፈረው ከዚህ በብዙ እጥፍ ያነሰ ነው። ከሟቾቹ ብዙዎቹ መኪና ያልነበራቸው፣ በእግራቸው ይሄዱ የነበሩ ሰዎች ናቸው። ይህን ሳስብ የሰፈር መንገድ ፍጥነት የትራፊክ ፖሊስ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ መታየቱ ያሳዝነኛል። ጤና ጣቢያም፣ ትምህርት ቤትም፣ ዕድርም ሊነጋገርበት የሚገባ ጉዳይ ነው።

ሌላው ዓለም ፍጥነትን መግታት የተማረው ተቀጥቶ ነው። ዛሬ የብስክሌት አገር የምትባለው ኔዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ1971 ብቻ 3,300 ያህል ሰው በመንገድ አደጋ አጥታለች፤ ከ400 በላይ የሚሆኑት ሕፃናት ነበሩ። ወላጆች የልጆቻችን ግድያ ይቁም ብለው አደባባይ ወጡ። በዴልፍት ከተማ መሐንዲሶች ዛፍ፣ አግዳሚ ወንበርና የአበባ መደብ መሐል መንገድ ላይ እያስገቡ መኪናው በእግረኛ እርምጃ እንዲሄድ ያደረጉበት የሰፈር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1976 በአገሪቱ ሕግ ዕውቅና አገኘ። በጀርመን ቡክስተሁደ የምትባል ትንሽ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1983 የመጀመሪያውን የ30 ኪሎ ሜትር ቀጠና ሞከረች። እ.ኤ.አ. በ2020 ስቶክሆልም ላይ የተሰበሰቡ አገሮች ሰውና መኪና በብዛት በሚደባለቁበት መንገድ ከ30 በላይ መሄድ እንዳይፈቀድ ተስማሙ፤ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም በዚያው ዓመት ሐሳቡን ተቀበለው።

ብስክሌትም ለአገራችን ባዕድ አይደለም። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትሳተፍ ከላከቻቸው ስፖርተኞች መካከል ገረመው ደንቦባና ሌሎች ብስክሌተኞች ነበሩ። በ2011 ዓ.ም. መንገድ ለሰው በሚል አዲስ አበባና ሌሎች ከተሞች ጎዳናዎቻቸውን በወር አንድ እሑድ ለእግረኛና ለብስክሌተኛ መልቀቅ ጀመሩ። የትራንስፖርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2029 የሚዘልቅ ሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ አውጥቷል። የኮሪደር ልማቱም በዋና ዋና ጎዳናዎች ላይ የብስክሌት መስመር ይዞ መጥቷል።

ለቆላው ቅርብ የሆነችው አስተማሪ ግን ባሕር ዳር ናት። ሜዳነቷ፣ ሰፋፊና ዘንባባ የተተከለባቸው ጎዳናዎቿ፣ ርቀቷ ለእግር ረዘም ለመኪና ያጠረ መሆኑ ብስክሌትን የከተማዋ የዘወትር መጓጓዣ አድርገውት ኖረዋል። ተማሪው፣ አስተማሪው፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሠራተኛ በብስክሌት ይመላለስ ነበር። ለዚህ ማንም የተለየ መስመር አላሰመረላቸውም፤ መንገዱ ሰፊ፣ መኪናው ጥቂት፣ ፍጥነቱም ዝግ ያለ ስለነበር ነው። ባጃጁና ሚኒባሱ ሲበዛ መንገዱ አልጠበበም፤ የተለወጠው ፍጥነቱና ጥድፊያው ነው። ልጆቻቸውን በብስክሌት ይልኩ የነበሩ ወላጆች መፍራት ጀመሩ። ግንቦት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ የብስክሌት መስመር አለው፤ በጣም ደስ የሚል ነገር ነው። ግን ድልድዩ ላይ የሚደርሰው ብስክሌተኛ ከቤቱ ተነስቶ በየትኛው ሰፈር አልፎ ይመጣል? መስመሩ 380 ሜትር ድልድይ ላይ እንዲያገለግል ከኋላው ያሉት የሰፈር መንገዶች ዝግ ያሉ መሆን አለባቸው። ባሕር ዳር የነበራትን እያጣች ነው፤ መተማና ገንዳ ውሃ ግን ያላቸውን ገና አላጡም።

በቆላው ሙቀት ማን ብስክሌት ይነዳል የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ቀኑ 40 ዲግሪ ያልፋል። ይሁን እንጂ ሙቀቱ ብስክሌት የሌለውንም ያገኘዋል። ትምህርት ቤቷ ከቤቷ ሁለት ኪሎ ሜትር የሚርቅ ልጅ በእግሯ 24 ደቂቃ ያህል ፀሐይ ላይ ትቆያለች። በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር እየሄደች በዝግታ ብትነዳ 10 ደቂቃ ይበቃታል፤ የምታወጣውም ጉልበት ከእግር ጉዞው ያነሰ ነው። ነፋሱም ላቧን ያደርቅላታል። ስለዚህ ለቆላ ከተማ ብስክሌት ፀሐይን የሚያሳጥር ዕቃ ነው። የሚያስፈልገው ጥላና ከኋላ የማይጮህባት መኪና ነው።

ወደ አሠራሩ እንግባ። ሰፈርን የሚያዘገየው ዋናው ነገር አቋራጭ ማሳጣት ነው። በውስጥ ለውስጥ መንገድ የሚሮጠው ብዙ ጊዜ የሰፈሩ ሰው አይደለም፤ ከአስፋልቱ መጨናነቅ አምልጦ በወዲያኛው ጫፍ ሊወጣ የሚፈልግ ነው። መንገዱ መሐል ላይ ብስክሌትና እግረኛ ብቻ የሚያልፉበት የችካል ረድፍ ቢተከል የሰፈሩ መኪና በገባበት ጫፍ ይወጣል፤ አላፊው ግን ምንም ስለማያገኝ አይመጣም። ማንም ቤቱ ድረስ ከመድረስ አይከለከልም።

በችካሎቹ መካከል ስንት ይተው? የአውሮፓ መሐንዲሶች አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሜትር ተኩል ይላሉ። ይህን ልክ ወስደን ብንተክል ድካማችን ከንቱ ነው፤ የባጃጅ ወርድ 1 ሜትር ከ30 ስለሆነ ሰተት ብሎ ያልፋል። የብስክሌት መሪ ከ60 እስከ 70 ሳንቲሜትር ነው። የአካል ጉዳተኛ ተሽከርካሪ ወንበርም ከ70 ብዙ አይበልጥም። ግራና ቀኝ ጀሪካን የጫነች አህያ ከአንድ ሜትር ጥቂት ብታልፍ ነው። እንግዲህ 1 ሜትር ከ20 ቢተው ለእነዚህ ሁሉ ይበቃል፤ ለባጃጅ ግን አሥር ሳንቲሜትር ይጎድለዋል። ጋሪም አያልፍም፤ ለጋሪ በቅርብ የሚዞርበት ቦታ ሊታሰብለት ይገባል። ሞተር ሳይክል ግን በወርድ አይቆምም፤ እሱን የሚያስቆመው ከችካሉ ፊትና ኋላ የሚሠራ ጉብታና የሰፈርተኛው ዓይን ነው። ከችካሎቹ አንዱ ተነቃይ ሆኖ ቁልፉ ቀበሌም ቅርብ ያለ ሱቅም ቢቀመጥ ለአምቡላንስና ለውሃ ቦቴ ወዲያው ይከፈታል።

ባለ ባጃጁ ይህን ሲሰማ ይቆጣ ይሆናል። ቁጣውን ማድመጥ ተገቢ ነው፤ ቤተሰብ የሚያስተዳድረው በዚያች ባለ ሦስት እግር ነው። ሰፈሩ ከመዘጋቱ በፊት ተራ የሚጠብቅበት ጥላ ያለው ቦታ በሰፈሩ በሁለቱም ጫፍ ሊሰጠው ይገባል። መንገድ መዝጋት የሚባለውም ለኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ለቅሶ ሲደርስ ዕድርተኛው ድንኳኑን መንገዱ ላይ ይተክላል፤ ሦስት ቀን ሙሉ አሽከርካሪው ድንኳኑን አይቶ ያለ ቅሬታ ዞሮ ይሄዳል። ሰርግም ሲሆን እንዲሁ ነው። ሰፈሩ መንገዱ የሱ መሆኑን ያውቃል፤ አሽከርካሪውም ያውቃል። ለሞተ ሰው ክብር የሚዘጋ መንገድ ለሕፃናት ሕይወት መሐሉ ቢዘጋ ምን ነውር አለው?

በጉብታ ላይ የምናየው ስሕተት ሁሉም ከተማ ውስጥ አንድ ዓይነት ነው። ብሬከር የምንለው አጭርና ሹል ሆኖ ይሠራል፤ ወይም ሰፈርተኛው ተማሮ አፈር ይቆልላል፣ አሮጌ ጎማ ይቀብራል። አሽከርካሪው ደርሶ ይነጠርና ተናዶ ነዳጅ ይረግጣል፤ ነፍሰ ጡርና በሽተኛ የጫነውም እኩል ይንገላታል። በዴንማርክ ለ30 ኪሎ ሜትር መንገድ የተመረጠው ጉብታ በመንገዱ አቅጣጫ 4 ሜትር የሚረዝም፣ ከፍታው 10 ሳንቲሜትር የሆነ፣ ጀርባው እንደ ቀስት ለስላሳ ሆኖ የሚያጎብጥ ነው። በ30 የሚሄድ ሳይጎዳ ያልፋል፤ በ50 የሚመጣውን ግን ይመታዋል። ብስክሌተኛ ከመቀመጫው ሳይነሳ ይሻገረዋል። በጉብታና ጉብታ መካከል 75 ሜትር ያህል ይተዋል፤ ከዚህ ከራቀ አሽከርካሪው በመሐሉ ፍጥነቱን ይመልሳል። ሲሚንቶ የግድ አይደለም፤ በደንብ የተጠቀጠቀ ገረጋንቲና ድንጋይም ይህን ቅርጽ ይይዛል፤ በየዓመቱ ከክረምት በኋላ መጠገን ግን ይፈልጋል።

ቆላው ከዴንማርክም ከኔዘርላንድም የሚበልጥበት አንድ ሀብት አለው፤ ኒም። በመተማ በየጊቢው የሚታየው ይህ ዛፍ ድርቅ ይችላል፣ ቶሎ ያድጋል፣ ጥላው ድፍን ነው። ዛፉን በተለመደው መንገድ በሁለት ቀጥ ያለ ረድፍ ብንተክለው ጥላ ብቻ እናገኛለን። አንዱን ከግራ ዳር ወደ ውስጥ ገባ አድርገን፣ 30 ሜትር አልፈን ቀጣዩን ከቀኝ ዳር ገባ አድርገን ብንተክል ግን መኪናው በሚሄድበት መስመር ላይ መንገዱ ይጠማዘዛል። ቀጥ ያለ መንገድ ሲያይ የሚሮጥ አሽከርካሪ ዛፍ ፊቱ ሲቆም ይዘገያል። ብስክሌተኛው ከዛፉ ኋላ፣ በጥላው በኩል ቀጥ ብሎ ያልፋል። ችግኙ ከፍየል የሚድነው ጥቅጥቅ ባለ የእሾህ አጥር ነው፤ የመጀመሪያውን ሁለት በጋም ውሃ ይፈልጋል። መስቀለኛ መንገድ አጠገብ አሥር ሜትር ያህል ያለ ዛፍ መተው አለበት፤ ከጎን የሚመጣውን ይሸፍናልና።

የመንገዱ ልብስ ምን ይሁን? በብዙ ከተሞቻችን የተነጠፈው ኮብልስቶን መኪናን በማዘግየት ጥሩ ነው፤ ለወጣቶችም የሥራ ዕድል ፈጥሯል። ብስክሌተኛን ግን እስከ ጥርሱ ድረስ ያርገፈግፈዋል፤ በቀጭን ጎማ የሚሄድ ከሆነ ጎማው በድንጋይና በድንጋይ መካከል ይገባበታል። መፍትሔው ኮብልስቶኑን መተው ሳይሆን በአንድ ዳር አንድ ሜትር የሚሰፋ ለስላሳ ጠፍጣፋ ንጣፍ ማስገባት ነው። እግረኛም፣ ተሽከርካሪ ወንበርም በዚያው ይሄዳሉ። በዋልካ መሬት ላይ ደግሞ ከምንም በፊት ቦይ ይቀድማል። ዋልካው ተቆፍሮ ወጥቶ በምርጥ አፈር ካልተተካና ውሃ የሚወርድበት ካላገኘ ምንም ብናነጥፍ በሁለተኛው ክረምት ይሰነጠቃል። ቦዩም ክዳን ያስፈልገዋል። ክዳን የሌለው ቦይ በማታ ለብስክሌተኛ ከመኪና የማይተናነስ አደጋ ነው።

የቆላው ከተማ ሌላ ልዩ ጠባይ አለው፤ ከወቅት ጋር ይለዋወጣል። ሰሊጥ ታጭዶ ወደ ገበያ በሚወጣባቸው ወራት ጉልበት ሠራተኛው ከደጋው ይጎርፋል፣ አይሱዙውና ተሳቢው ይግተለተላል። ምርቱን የሚያራግፉት መጋዘኖች አንዳንዶቹ ሰፈር መሐል ናቸው። ለእነዚህ መጋዘኖች የጭነት መኪና የሚገባበት ሰዓት ቢወሰን፣ ተማሪ በሚወጣና በሚገባበት ጊዜ ማራገፍ ቢቆም ብዙ አደጋ ይቀራል። ድንገተኛ እንግዳም አለ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ሲፈነዳ መተማ በሺዎች የሚቆጠሩ ሱዳናውያን፣ ኢትዮጵያውያንና የሌላ አገር ዜጎች የገቡባት በር ሆነች፤ ኩመር በተባለ ቦታ መጠለያ ተሠራ። እንዲህ ባለ ጊዜ የከተማው እግረኛ በአንድ ሳምንት ይበዛል፤ የመንገዱ ወርድ ግን ያው ነው።

አሁን ሰላሙ በታወከበት ሰዓት ስለ ብስክሌት ይወራል ወይ የሚል ሰው ይኖራል። ስሜቱ ይገባኛል። ነገር ግን ነዳጅ ሲጠፋ፣ ባጃጅ እንዳይንቀሳቀስ ሲባል፣ መንገድ ሲዘጋ ሰው ገበያ መውጣቱን፣ ጤና ጣቢያ መሄዱን፣ ውሃ መቅዳቱን አይተውም። በዚያ ሁሉ መሐል የሚሠራ መጓጓዣ ብስክሌትና እግር ነው። የሰፈር መንገድ ሥራ ደግሞ ትልቅ በጀትና የውጭ ተቋራጭ የማይጠብቅ፣ ድንጋይ በሚፈልጥና ችግኝ በሚተክል የሰፈር እጅ የሚጀመር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ለገሃር መስቀለኛ መንገድ ላይ የእግረኛ ቦታ ሲሰፋ መጀመሪያ በቀለምና በድንጋይ ተሞክሮ ነበር፤ ቋሚው ግንባታ ከዚያ ቢከተል ስሕተቱ በርካሽ ይታረማል።

ለመጀመር የሚያስፈልገው ልኬት ነው፤ ልኬቱንም የሰፈር ወጣት ሊሠራው ይችላል። አንድ ትምህርት ቤት የሚያደርስ የውስጥ መንገድ ይመረጥ። በገመድ 50 ሜትር ተለክቶ በሁለቱም ጫፍ በኖራ ይሰመር። አንዱ ልጅ ተሽከርካሪው የመጀመሪያውን መስመር ሲያልፍ እጁን ያነሳል፣ ሌላው ሁለተኛው መስመር ላይ ስልኩን ይዞ ሰከንድ ይቆጥራል። መኪናው ወይም ባጃጁ 50 ሜትሩን በ6 ሰከንድ ከጨረሰ ፍጥነቱ 30 ነው። ከ6 ካነሰ ከ30 በላይ ነው፤ 3 ሰከንድ ተኩል ከፈጀ ከ50 አልፏል። የመቶ ተሽከርካሪ ሰከንድ በደብተር ይጻፍ፤ ሰዓቱና የተሽከርካሪው ዓይነት ጎን ለጎን ይመዝገብ። ልኬቱ አንዴ በኅዳር የሰሊጥ መኪና ሲበዛ፣ አንዴ ደግሞ በሚያዝያ ይወሰድና ቅጂው ለማዘጋጃ ቤቱ ቀያሽ ይሰጥ። ቀያሹ ለዚያ መንገድ ገረጋንቲ ከማዘዙ በፊት ጉብታውና ችካሉ የሚያርፉበትን ነጥብ ፕላኑ ላይ ምልክት ያደርጋል።